ያልተቀመሰው በሶብላ

ከዚያ በፊት የመጨረሻው ደህና ቀን የፍልሰታ ጾም አሥራ አራተኛው ቀን ነበር። ደህና ቀን ስል ምንም ያልተፈጠረበት ቀን ማለቴ ነው። ጠዋት ዘነበ። ከሰዓትም ዘነበ። እኔ በጋዜጣ የተጠቀለለ ፎርማጆ፣ የጣልያን ደረቅ አይብ፣ ሹራቤ ሥር ሸጉጬ ከፒያሳ ወደ ዶሮ ማነቂያ በጭቃው ቁልቁል እሮጥ ነበር።

ፎርማጆው ይሸታል። ሳይታጠብ የሰነበተ ካልሲ ይሸታል። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሰው እንዲህ የሚሸት ነገር ይበላል ብዬ አላምንም። ታላቅ ወንድሜ ግርማ በጓሮዋ ክፍል ይጠብቀኝ ነበር።

«ጋሼ፣ አባባ ወልዴ የተበላሸውን ነው የሰጡኝ» አልኩት።

ጋዜጣውን ፈታ። አፍንጫውን ቀበረበት። ዓይኑን ጨፈነ።

«አንተ ፋራ» አለኝ። «ይሄ ነገር የተበላሸው ካልሸተተ ነው።»

ሳቀ። በአፍንጫው ብቻ ነው የሳቀው። ያን ክረምት ግርማ ድምፅ አውጥቶ አይስቅም ነበር። ለሰፈሩ ሰው ግርማ የለም። ደብረ ብርሃን አክስታችን ዘንድ ሄዷል።

ባለፈው ሰሞን ፒያሳ ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ሳልፍ የተወቀጠ በሶብላ ሸተተኝ። ከነጭ ሽንኩርት ጋር። ቆምኩ። ከዚያ መሬት ላይ ተፋሁ። በር ላይ ሽንኩርት የምትልጥ ሴት «ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። መልሱ ረጅም ነው። ደግሞም በቁጣ ነው የሚወጣው፤ እሷ ምን አደረገችኝ?

ይኸው እዚህ እጽፈዋለሁ። ለእማዬ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ግርማ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም፤ ፒያሳ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ገባ። አለቃው አባባ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው ለጣልያኖች ሳህን እያጠቡ ነው ምግብ የተማሩት። ፊታቸው የተጠበሰ ድንች ይመስል ነበር፤ ይህን ስል ግርማ በኩርኩም ይለኛል። አባባ ወልዴ ምግብ ሳይቀምሱ ከወጥ ቤት አያስወጡም። «ያልቀመስከውን ለሰው ካበላህ ሌባ ነህ» ይሉት ነበር ግርማን። ይህን ሲነግረኝ ድምፃቸውን አስመስሎ ነው፤ ከአፋቸው እንደ ሰማሁት ያህል ጆሮዬ ላይ ቀርቷል።

እሳቸው ያስተማሩት አንድ ምግብ ነበር። የቲማቲም ሰላጣ ነው። ቲማቲም በስሱ ይቆረጣል፤ ላዩ ላይ አይብ ይፈረፈራል፤ በዚያ ላይ በሶብላ በነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ፣ ከፎርማጆና ከዘይት ጋር ተለውሶ ይፈስበታል። የጣልያኖቹ በሶብላ ቅጠለ ሰፊ ነበር አሉ፤ ዘይታቸውም የወይራ ነበር። እነሱ ሲሄዱ አባባ ወልዴ በእኛው በሶብላና በእኛው አይብ ሠሩት። ግርማ ሲያወራው ምራቁ ይመጣል። እማዬ ግን አይዋጥላትም ነበር። ለእሷ በሶብላ ደርቆ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

«ሰው ነህ ወይስ ፍየል?» ትለዋለች። «ጥሬ ቅጠል ለእናትህ ልታበላ ነው?»

«አንድ ቀን ቅመሽውና ከዚያ ስደቢኝ» ይላታል።

ያ «አንድ ቀን» የፍልሰታ ፍቺ እንዲሆን ተስማሙ። ጾሙ ሲፈታ፣ ከዶሮው በፊት፣ የግርማ ሰላጣ ይቀርባል።

ሰኔ ላይ ግን አፈሳ መጣ። ወጣቱን ከመንገድ እየለቀሙ በመኪና ጭነው ወደ ውትድርና መስደድ ነው፤ አፈሳ ማለት። ከሰፈራችን ሁለት ልጆች ሲኒማ በር ላይ ተወሰዱ። እማዬ በዚያው ማታ ግርማን ጓሮ ክፍል አስገባችውና መስኮቱን በጆንያ ጋረደችው። አባታችን ሞቷል። እማዬ አምስት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ትሠራለች። ግርማን ካጣች ማን አላት? እኔ ነኝ ያለሁት፤ እኔ ደግሞ ያኔ ለማንም አልረባም።

ሰባት ሳምንት በዚያች ክፍል ተቀመጠ። ከጓሮው ግድግዳ ሥር በዱቄት ወተት ጣሳ የተተከሉ ሦስት በሶብላዎች ነበሩት። ውኃ የማጠጣው እኔ ነኝ። በመስኮቱ ቀዳዳ እያየ ያዘኛል፤ «ከሥሩ! ቅጠሉ ላይ አታፍስ! አንተ ልጅ ክርስትና ነው እንዴ የምታነሳው?»

መውቀጥ ሲፈልግ ዝናብ ይጠብቃል። እማዬ ሥራ፣ እኔ ውጭ እየተጫወትኩ፣ ከባዶ ቤት የሙቀጫ ድምፅ ቢሰማ ሰው ምን ይላል? ስለዚህ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ነው ዘነዘናውን የሚያነሳው። ዝናቡ ሲበረታ እሱም ይበረታል። ሲቀንስ ይቀንሳል። ሲያቆም ዘነዘናው አየር ላይ ይቆማል። እኔ በዚህ እስቅ ነበር። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ሌላም የሚመስለኝ ነገር ነበር። በቀለ የሚባል ሰው አለ፤ የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ። ያኔ ጋሽ በቀለ እለው ነበር። አሁን ጋሽነቱን አውጥቼ ጥያለሁ፣ ብዕሬም አይጽፍለትም። ድሮ ጫማ ሰፊ ነበር፤ የተቀደደችውን ኳሳችንን ሰፍቶልናል። ጠመንጃ ሲሰጡት ለእኛ የተሰጠ መሰለኝ። ጥበቃ አይደል? እኛን ነው የሚጠብቀው።

አንድ ቀን ሐምሌ ላይ በራችን አጠገብ ቆሞ አገኘሁት።

«ጋሽ በቀለ» አልኩት፣ «ሰው ሊወስድብን የመጣ ቢኖር ይተኩሱበታል?»

«ማንን ነው የሚወስድባችሁ?» አለኝ። ፈገግ ብሏል።

አፌን ከፈትኩ። ለመናገር ነበር። እማዬ ከኋላዬ መጥታ በጥፊ አለችኝ፤ ጆሮዬ ጮኸ። «ዶሮዋን ነው ጋሽ በቀለ፤ ዶሮ ሌባ ፈርቶ ነው» አለችው። እቤት ካስገባችኝ በኋላ ተንበርክካ እግሬን ይዛ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ግማሹ ነው የገባኝ። በቀለን ሳይሆን አፌን መፍራት እንዳለብኝ ገባኝ።

ስለዚህ ለማርያም ተሳልኩ። ፍልሰታን አሥራ አምስቱንም ቀን እጾማለሁ፤ በአፌ ቅባት አይገባም፤ በመጨረሻው ቀን እቆርባለሁ፤ አንቺ ደግሞ ግርማን ሰውሪልኝ። ስእለት ለሰው ከተነገረ አይሰምርም ሲሉ ሰምቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ይህ ቤቱን አስቸገረ። ምክንያቱም እኔ የቤቱ ቀማሽ ነበርኩ። ፍቺ ሲደርስ የፍስክ ወጥ ከዋዜማው ነው የሚሠራው፤ የሚሠራው ሰው ግን ጾመኛ ነው፣ መቅመስ አይችልም። ሌላዋ እናት በማሽተት ትገምታለች። የእኛዋ ግን ሁልጊዜ እኔን ነው የምትጠራው። «ና የጨው ዳኛ!» ትለኛለች። መዳፌ ላይ ጠብ ታደርግልኛለች፤ እልሳለሁ፤ እፈርዳለሁ። «ትንሽ ይቀረዋል።» «በቃው።» ፍርዴ አይገሰስም። ያን ዓመት ዳኛው መነኮሰ። ግርማ ስሜን ሁሉ ትቶ «አባ መነኩሴ» ይለኝ ጀመር።

አሥራ አምስተኛው ቀን ቆረብኩ። ቅዳሴው ከሰዓት ነበር የወጣው። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን እቤት አድርሳኝ ነጠላ አፌ ላይ አጣፋችልኝ።

«አትውጣ። አትሩጥ። እንትፍ እንዳትል። ተቀመጥ» አለችኝና ለፍቺው ዶሮ ልትገዛ ሄደች። አይቡን በኮባ እንደ ተጠቀለለ ከጠዋቱ ገዝታ አስቀምጣለች። አራት ቲማቲምም ከአትክልት ተራ አምጥታለች፤ በዚያ ክረምት ቲማቲም እንደ ወርቅ እየተመዘነ ነበር።

አሥር ሰዓት ግድም ዝናቡ ወረደ። በረዶም ነበረው። የግርማ ዘነዘና ተነሳ። ነጭ ሽንኩርቱ ሸተተኝ፤ ከዚያ በሶብላው መጣ፤ የቤቱን አየር ሁሉ ለወጠው። ምራቄ አፌን ሞላው። መትፋት አይቻልም፤ ዋጥኩት። ምራቅ መዋጥ ጾም ያፈርሳል ወይ ብዬ ተጨነቅሁ።

«አባ መነኩሴ! ይምጡ እስቲ!» አለኝ።

ሄድኩ። ሙቀጫው በጉልበቶቹ መሃል ነው። ውስጡ አረንጓዴ፣ ወፍራም። ማንኪያ ጫፍ ላይ አድርጎ ዘረጋልኝ።

«ቅመስ።»

«ጾም ነው።»

«እኔስ ጾመኛ አይደለሁም? ለዚህ እኮ ነው አንተን የጠራሁት። አንተ ልጅ ነህ፤ ማርያም አትቆጣህም።»

«ቆርቤያለሁ።»

«በምላስህ ጫፍ። ከዚያ ትተፋዋለህ።»

«የቆረበ አይተፋም።»

«አቤት ሕግ!» አለ። «ቆይ አንተ ቄስ ነህ ወይስ ቀበሌ?»

ሊያስቀኝ ነበር። አልሳቅሁም። ማንኪያውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ። እንደገና አሸተተ። ራሱን ነቀነቀ።

«አይለይም። በሶብላው ሁሉን ነገር ይሸፍነዋል። ፎርማጆው ደግሞ የራሱ ጨው አለው፤ ምን ያህል እንደሆነ እሱና እግዜር ናቸው የሚያውቁት። እኔም ከላዩ ጨመርኩበት። ይብዛ ይነስ አላውቅም።»

«ነገ ሲፈታ ቅመሰው።»

«ነገማ አለቀ። ማታውን አብሮ ካላደረ ጨው አይገባውም፤ ነገ ብትነሰንስበት ላዩ ላይ ነው የሚቀረው።» ሙቀጫውን ወደ ጎን አደረገ። «ሰባት ሳምንት ሰው አላበላሁም፣ ታውቃለህ? ሰባት ሳምንት እማዬ እያመጣችልኝ እንደ ሕፃን እየበላሁ ነው። አንድ ሳህን ነው የማቀርብላት። ያልቀመስኩትን ላቅርብላት?»

ነጠላዬን አፌ ላይ አጠበቅሁ።

«እሺ፣ ለእትዬ ዘይነባ ውሰድላት» አለ። «እሷ ትቅመስልን።»

እትዬ ዘይነባ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ከበራችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዲቱ ማዶ ነው። ሙስሊም ስለሆነች ፍልሰታ አይመለከታትም። ግርማ ውስጥ እንዳለ ከእኛ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ከአባባ ወልዴ በቀር። አሥራ ሦስት እርምጃ ነው። እኔ ስቆጥረው ሃያ፣ ግርማ ሲቆጥረው አሥራ ሦስት።

«የቆረበ አይወጣም» አልኩት። «እማዬ አትውጣ ብላለች። ደግሞ ፍስክ አልነካም።»

«ስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጌ ነው የምሰጥህ፤ ጣትህ አይነካውም!»

«አልሄድም።»

አየኝ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። የገረመው ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ብነግረው ኖሮ! ጋሼ፣ ተስያለሁ፤ አንተን እንዳይወስዱህ ነው፤ አንዲት ጠብታ ከላስኩ ይወስዱሃል። ይህን ብል ማንኪያውን ጥሎ ራሴን ያሻሸኝ ነበር። «በል ጨው ገደል ይግባ» ይለኝ ነበር። አልነገርኩትም። ስእለት አይነገርም አሉኝና አፌን ዘጋሁ። አንዴ ሊከፈት የማይገባው ቦታ የተከፈተ አፍ፣ መከፈት ያለበት ቦታ ተዘጋ።

የእማዬን ጋቢ አንስቶ ራሱ ላይ ጣለ።

«ጋሼ፣ አትውጣ።»

«ዝናብ ነው'ኮ። ዝናብ ላይ አይወጡም። እነሱም ሰው ናቸው፣ ይበሰብሳሉ።»

በስኒ ማስቀመጫ ላይ ሁለት ማንኪያ አደረገ። በጋቢው ሥር ደበቀው። በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ መንገዱን አየ፤ ሰው የለም። በሩን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ሮጠ።

እኔ በቀዳዳው አየሁ።

እውነት ነው፤ አብዮት ጥበቃም ይበሰብሳል። ስለዚህ ይጠለላል። የእትዬ ዘይነባ ቆርቆሮ ወጣ ያለ ስለሆነ ሰው ከዝናብ የሚሸሸው እሱ ሥር ነው፤ ከእኛ ቀዳዳ ግን የግድግዳው ጥግ ይሸፍነዋል። ሦስት ሆነው ግድግዳውን ታክከው ቆመው ነበር። ግርማ ቀጥታ ደረታቸው ላይ ነው የደረሰው። አንዱ በቀለ ነው። ስለ ደነገጡ ወደ ፊት ወጣ አሉና አየኋቸው።

ይህን ለመጻፍ አፍራለሁ። በቀለን ሳይ ደስ አለኝ። ከጥፊው በኋላም፣ ከእማዬ ለቅሶ በኋላም፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ኳሳችንን የሰፋው ሰው ነው። ጠመንጃ አለው። እንኳን እሱ ሆነ አልኩ።

«ግርማ!» አለ በቀለ። «ደብረ ብርሃን ዝናቡ እንዴት ነው?»

ሁለቱ ሳቁ።

ግርማ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። ስኒ ማስቀመጫውን አሳያቸው፤ ምን እንዲሉት እንደ ፈለገ አላውቅም።

«ጋሽ በቀለ፣ ጨው ላስቀምስ ነው የወጣሁት» አለ።

«ጨውማ እናስቀምስሃለን» አለ አንደኛው፤ ክንዱን ያዘው።

ግርማ አልታገለም። ስኒ ማስቀመጫውን የእትዬ ዘይነባ መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጠ። አልጣለውም። እንዳይፈስ በሁለት እጁ ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ከዚያ ሄዱ። ጋቢው ጭቃ ላይ ቀረ። እትዬ ዘይነባ የስፌት መኪናዋን ትታ ስትወጣ ጥጉ ላይ ደርሰዋል። ጮኸች። ዝናብ ነው፤ ማን ይሰማታል?

ግርማ ወደ በራችን አንዴም ዞሮ አላየም። ተቀይሞኛል ብዬ አሰብኩ። ስላልቀመስኩለት ነው አልኩ። የደበቅነው እኛ መሆናችንን ላለመጠቆም እንደሆነ ለማወቅ ዓመታት ፈጀብኝ። ሲገባኝም አልቀለለኝም። እሱ በዚያች ሰዓት እንኳ ስለ እኛ ያስባል፤ እኔ ስለ ስእለቴ።

እትዬ ዘይነባ ስኒ ማስቀመጫውን ይዛልኝ መጣች። ዝናብ ሞልቶት ነበር። አረንጓዴው ዘይት ላዩ ላይ ተንሳፍፏል።

ለምን እንደ መጣ በመስኮቷ ሰምታለች፤ «ሳልቀምስለት!» እያለች ደረቷን ትመታለች። «ያ ረቢ፣ ሳልቀምስለት!»

እማዬ ዶሮዋን እግሯን አስራ ይዛ መጣች። ከበሩ ማዶ ጭቃ ውስጥ የወደቀውን ጋቢ አየች። ዶሮዋን ለቀቀቻት። ወደ ጓሮ ሮጠች፤ ተመለሰች። ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ።

«ለምን ወጣ? ምን ሊያደርግ ወጣ?»

ነጠላው አሁንም አፌ ላይ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

በቆረብኩ በሁለት ሰዓት ዋሸሁ። አሥራ አምስት ቀን የጾመ አፍ ነው ይህን ያለው። እማዬ ቀበሌ ሄዳ አመሸች፤ አላስገቧትም። ሲነጋ ደግሞ የመሥሪያ ቤት አለቃዋ ቤት ሄዳ እግሩ ላይ ልትወድቅ ወጣች። «ከእትዬ ዘይነባ ጋር ቁጭ በል» አለችኝ። ፍቺ መሆኑን ያስታወሰ የለም። ዶሮዋ እግሯ እንደ ታሰረ ጓሮ ውስጥ ትንከባለላለች።

እኔ ቁጭ አላልኩም።

ወደ ግርማ ክፍል ገባሁ። ሙቀጫው እዚያው ነው፤ ሳህን ተከድኖበታል። ስከፍተው ላዩ ጠቁሯል። ደነገጥኩ። በእኔ የተነሳ የተበላሸ መሰለኝ። በማንኪያ ስገልጠው ግን ከሥሩ አረንጓዴ ነው፤ ሽታውም አለ። በዘይቱ አማሰልኩት። ዘይቱ በራሽን ከቀበሌ ሱቅ የመጣ ነው። ወንድሜን የወሰደው ቀበሌ ዘይታችንንም የሰጠን ቀበሌ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ጥርሴን አፋጫለሁ።

የግርማን ቢላ ከጨርቁ ፈታሁ። እንዳልነካው የተከለከልኩት ቢላ ነው። ከአራቱ ቲማቲም አንዱ በስብሷል፤ ወረወርኩት፤ ግድግዳው ላይ ተፈረጠ። ሦስቱን ቆረጥኩ። ግርማ የሚቆርጠው ስስ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፤ የእኔው እንደ ጡብ ወፍራም ሆነ። ጣቴን ቆረጥኩት። የቲማቲሙ ውኃ ገብቶ አቃጠለኝ። ይቃጠል አልኩ። አይቡን ከኮባው አወጣሁ። «አታድቅቀው፤ ሰው ሲበላው አይብ መሆኑን ይወቅ» ይል ነበር ግርማ። ትልልቅ አድርጌ ፈረፈርኩት። በመጨረሻ የሙቀጫውን ሁሉ አፈሰስኩበት። አልቀመስኩም። ቅዳሴ ገና አልወጣም፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ጾም አይፈታም። አሁንም ማርያም ልትመልሰው ትችላለች ብዬ አምን ነበር። እስከ መጨረሻው ልጨርስላት ነው።

ሳህኑን በጨርቅ አስሬ ቀበሌ በር ሄድኩ።

ዘብ የቆመው በቀለ ነው። ሌሊቱን አልተኛም መሰል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ቁርስ አምጥቼ ነው» አልኩት። «ለግርማ።»

ጨርቁን ፈታ። ጎንበስ ብሎ አየው።

«ቅመስ» አለኝ።

«እኔ ነኝ እኮ ጋሽ በቀለ!»

«ያመጣ ይቀምሳል። መርዝ ይኑረው አይኑረው በምን አውቃለሁ? ሕግ ነው።»

«ቅዳሴ አልወጣም። ጾም ነኝ።»

«እኔ ንስሐ አባትህ አይደለሁም። ወይ ቅመስ ወይ ይዘህ ተመለስ።»

ብመለስ ግርማ አይበላም። ብቀምስ ስእለቴ ይፈርሳል። ብዙ አላሰብኩም። ትናንት ብዙ አስቤ ያደረግሁትን አድርጌያለሁ። ጣቴን ከሳህኑ ነከርኩና ላስኩ።

ጨዉ ልክ ነበር።

መጀመሪያ በሶብላው መጣ፣ ከዚያ ሽንኩርቱ አቃጠለኝ፣ ከዚያ ያ የሚሸተው ፎርማጆ ሄዶ ሌላ ነገር ሆነ። ጨዉ ከሁሉ በኋላ መጣና ልክ ቦታው ላይ ቆመ። እኔ የጨው ዳኛ ነኝ፤ አውቃለሁ። አልበዛም፣ አላነሰም። ምንም አልጎደለውም። ማንም እንዲቀምሰው አያስፈልግም ነበር። አንድ ሰው በሙያው ባለመተማመኑ፣ አንድ ልጅ በግትርነቱ፣ ለምንም፣ ለምንም ነገር ነው የወጣው።

«በቃው» አልኩ። ለማን እንዳልኩ አላውቅም። ለምዶብኝ ነው።

በቀለ ራሱን አከከ።

«እነ ግርማ የሉም» አለ። «ሌሊት ተጭነዋል።»

«የት?»

«ማሠልጠኛ። እኔ የት አውቅልሃለሁ?»

«ታዲያ ለምን አስቀመሱኝ?»

«ሕግ ነው አልኩህ እኮ!» ጮኸ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ኳሳችንን የሰፋልን ጊዜ የነበረው ድምፅ ነው። «በል ሳህኑን ተወው። ውስጥ ሌሎች ልጆች አሉ፤ ርቧቸዋል።»

ምናልባት እውነቱን ነበር። ምናልባት ውስጥ የሌላ ሰው ወንድም ጠዋቱን ሙሉ ሲጠብቅ ነበር። ይህን ዛሬም አስበዋለሁ፤ አልጸጸትም ብል እዋሻለሁ። ያን ሰዓት ግን እጁ ወደ ሳህኑ ሲዘረጋ ነው ያየሁት። ያ ወንድሜን ያስያዘ ሰው እጅ።

ወደ ኋላ አልኩ። ሳህኑን ደረቴ ላይ አስጠግቼ በእጄ መብላት ጀመርኩ። ቲማቲሙን እንደ ጡብ ነው የቆረጥኩት፤ ጉሮሮዬን እየቧጨረ ወረደ። አይቡን በጭብጥ ጎረስኩ። ዘይቱ በክንዴ ወደ እጅጌዬ ወረደ። «አንተ ልጅ!» አለኝ በቀለ። ዓይኑን እያየሁ አኘክሁ። የሚያልፍ ሰው ቆሞ አየኝ። ከጊዮርጊስ በኩል የቅዳሴው ድምፅ በነፋስ ይመጣል፤ ገና አልወጣም ነበር። ሲያንቀኝ ቆምኩ፤ ዋጥኩ፤ ቀጠልኩ። የመጨረሻውን አረንጓዴ በጣቴ ጠርጌ ላስኩ።

ከዚያ ሳህኑን ሰጠሁት።